በዶሮ የተሰናበተች

እህቴ ሱሉዋን ከሥራ የተባረረችው በዶሮ ነው። መሳቅ ያማራችሁ ሳቁ፤ እኔ ግን ያን ሰሞን ጥርሴ አልታየም። ዓርብ ማታ የፋብሪካችን የዓመት መዝጊያ ግብዣ ነበር። ክቡን ጠረጴዛ ከብበን፣ መሃል ላይ ያለው ተሽከርካሪ መስታወት ሳህን በሳህን ሆኖ፣ ሱሉዋን በዕጣ የደረሳትን የሩዝ ማብሰያ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ፣ ሁሉ ነገር ደስ ብሎ ሳለ ዶሮው መጣ። ሙሉ ዶሮ፣ ከነአንገቱ ከነመንቁሩ። ያን ጊዜ ጨዋታው ቀጥ አለ። የአሁኑ አለቃችን አባት፣ ሽማግሌው ሊያው፣ በሕይወት ሳሉ የማይፈልጉትን ሠራተኛ "ሂድ" ብለው አያውቁም ነበር፤ በዓመት መዝጊያው ግብዣ የዶሮውን ራስ ወደ ሰውየው ያስዞሩበታል፣ ሰውየውም የቀረበለትን በልቶ፣ አመስግኖ፣ በማግሥቱ ዕቃውን ይሰበስባል። የኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ክፉ ቃል ከአፉ አያወጣም፣ ዶሮ ይናገርለታል። ልጃቸው ፋብሪካውን ከተረከበ ወዲህ ዶሮው ተቆራርጦ ነበር የሚቀርበው፣ እኛም ነገሩን ረስተነው ነበር። ዘንድሮ ከነራሱ መጣ። እኔ ከሱሉዋን አጠገብ ዓሣው ላይ አቀርቅሬ እሾህ እለቅም ነበር፤ ቀና ስል ዶሮው አንገቱን አስግጎ ሱሉዋንን ፊት ለፊት ያያታል። ሁሉም ሰው ድንገት ሻይ ጠማው።

እኔ ባውጁ እባላለሁ። ታይቹንግ ከተማ ዳር፣ የብስክሌት ደወል በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ደወል ሞካሪ ነኝ። ከመስመሩ የሚወርደውን ደወል ሁሉ አንድ ጊዜ አቃጭላለሁ፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ አሳልፈዋለሁ፣ ከጎረነነ ቅርጫት ውስጥ እጥለዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳቃጭል ኖሬ ጆሮዬ ትንሽ ከብዷል፣ ስለዚህ ስታወራ ትጮኻለች ይሉኛል። ውሸት ነው፤ እነሱ ናቸው የሚያንሾካሹኩት። ሱሉዋን ታናሼ ናት፤ እዚያው ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ነው የምትሠራው። ሰማይ ምላስ ሲያድል የሷንም ድርሻ ለኔ ሰጥቶኛል መሰለኝ፣ በቀን አሥር ቃል ከተናገረች ለሷ ወሬ በዝቶባታል። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር፣ ልብስ ማስጫው በረንዳ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ትኖራለች። በየወሩ የኪራይ ብላ ፖስታ ፍሪጁ ላይ ታስቀምጣለች፣ እኔ አልጋዋ ላይ እመልስላታለሁ፣ እሷ ተመልሳ ፍሪጁ ላይ ታስቀምጠዋለች። ባለቤቴ ከደረጃ ወድቆ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ ሶፋ ላይ ነው የሚውለው፤ የቤቱ ዕዳም ገና አላለቀም።

ሰኞ ሱሉዋን ሥራ አልገባችም። ማክሰኞም አልገባችም። ሲነጋ ተነስታ መስኮት ታጥባለች፣ መጋረጃ ታወርዳለች፤ ለአዲስ ዓመት ነው ትላለች፣ አዲስ ዓመት ግን ገና ነበር። የሩዝ ማብሰያዋን ከካርቶኑ እንኳ አላወጣችውም። እራት ላይ ሦስታችንም ሳህናችን ላይ አቀርቅረን እንበላለን። ባለቤቴ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፣ ሱሉዋን ከሳህኗ ላይ ሥጋውን እያነሳች የኔ ሩዝ ላይ ታስቀምጣለች፣ እኔ መልሼ የሷ ላይ እጥላለሁ። ፋብሪካም ያው ነው። "ሱሉዋን የት ሄደች?" ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም፤ አለቃችን ሊያው ራሱ መተላለፊያው ላይ ሲያገኘኝ ጣራ ጣራውን እያየ አለፈ። ደሜ ፈላ። ረቡዕ ጠዋት ለፋብሪካው ደውዬ ጥርሴን አሞኛል ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁና የመስኮት መወልወያውን ጨርቅ ከእጇ ነጠቅኋት።

"ልበሺ" አልኳት።

"ወዴት?"

"ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ። መብትሽን ልታስከብሪ ነው።"

"ተዪው፣ እትዬ። ሰው ይስቅብናል።"

"የሚሳቅበትማ በዶሮ የሚያባርር ሰው ነው።"

ባለቤቴ ከሶፋው ላይ ሆኖ "ዶሮው ግን ይጥም ነበር?" አለ። ወገቡን ባያመው ኖሮ ያን ዕለት ሌላ የሚያመው ቦታ አገኝለት ነበር።

በባዶ ሆድ መብት አይጠየቅም ብዬ ከሕንፃችን ሥር ካለው ቁርስ ቤት ገባን። እንቁላል የተጠቀለለበት ቂጣ አርባ ዩዋን ገብቷል፤ ባለፈው ወር ሠላሳ አምስት ነበር። ባለቁርስ ቤቷ ከጋለው ብረት ላይ ቂጣ እየገለበጠች "ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?" ስትለን ሱሉዋን ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ብትረግጠኝስ። "እህቴን በዶሮ አባረሯት" አልኩ። እኔ ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፤ ቤቱ ሁሉ ግን ዞረ። ከዚያ ወዲያማ ያልዳኘ ሰው የለም። ባለቁርስ ቤቷ አንገቱ ቀጥ ያለ ነበር ወይስ የታጠፈ ብላ ጠየቀች፤ ከታጠፈ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው አለች። አንድ ታክሲ ነጂ መስታወቱ በራሱ ዞሮ ከቆመ አይቆጠርም፣ ሰው በእጁ ካዞረው ነው የሚጸናው አለ። ጥግ ላይ ጋዜጣ ዘርግተው የተቀመጡ ሽማግሌ ደግሞ "የለም፣ የለም፤ ዋናው ከዶሮው መብላት አለመብላት ነው" አሉና መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሱሉዋንን "በልተሻል?" ብለው አፋጠጧት። "አንድ ክንፍ" አለች እንደ ጥፋተኛ። "በቃ፤ ተቀብለሻል" አሉ ሽማግሌው፣ ከልባቸው አዝነው። ሱሉዋን እስከ ጆሮዋ ቀላች። የአኩሪ አተር ወተቷን ሳትጨርስ ጎትቼ አወጣኋት፤ ሃያ ዩዋን የተከፈለበት ወተት እዚያው ቀረ።

ቢሮው ንጹሕ ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ ወንበሩም ከሆስፒታል ወንበር ይሻላል። ተራ ቁጥር ይዘን ተቀመጥን። አጠገባችን አንድ ምግብ በሞተር የሚያደርስ ጎልማሳ ሄልሜቱን ሳያወልቅ ያንቀላፋል፣ ከፊት ለፊታችን ደግሞ ጥፍሯን ያሳመረች ሴት በስልክ "ለቅቄ ነው እንጂ አላባረሩኝም" እያለች ለእናቷ ትዋሻለች። ሱሉዋን ቁጥሯን በጣቷ እየጠቀለለች ወረቀቱን ክር አሳከለችው፤ ተራችን ሲጠራ ቁጥሩ አይነበብም ነበር። የተቀበለችን ወይዘሪት ጂያን የምትባል ልጅ እግር ባለሙያ ናት፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ለኔ ጆሮ የሚያስቸግር ዓይነት።

"ማን ነው ያሰናበተዎት?" አለች ሱሉዋንን።

"አለቃዋ" አልኩ እኔ።

"ምን ብሎ?"

"ምንም አላለም።"

"ታዲያ መሰናበትዎን በምን አወቁ?"

ሱሉዋን ጫማዋን አየች። ስለዚህ እኔ ተናገርኩ። ወይዘሪት ጂያን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የኛው አገር ልጅ አይደለችም? ጠጋ ብላ "ከነራሱ?" አለችኝ። "ከነራሱ" አልኳት። "ውይ" አለችና ተነስታ ከኋላ ወደተቀመጡት አለቃዋ ሄደች። ሁለቱ ሲነጋገሩ በመስታወቱ ግድግዳ አያለሁ፤ አለቃዋ ክንዳቸውን እንደ ዶሮ አንገት አስግገው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያዞራሉ፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ሌላ ሠራተኛም መጥቶ ክንዱን አሰገገ። ስትመለስ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ነበር።

"ሕጉ ዶሮ አያውቅም" አለች። "አሠሪ ሠራተኛ የሚያሰናብተው በቂ ምክንያት ሲኖረው ነው። ምክንያቱን ይናገራል፣ እንደ እርስዎ ብዙ ዘመን ለሠራ ሰው ከአንድ ወር በፊት ያስታውቃል፣ በዚያ ወር ውስጥ ሌላ ሥራ እንዲፈልግ በሳምንት ሁለት ቀን ከነደሞዙ ይለቀዋል፣ ሲያሰናብተውም ላገለገለበት ዘመን የሚታሰብ ክፍያ ይከፍለዋል። ይህ ሁሉ ካልሆነ እርስዎ አልተሰናበቱም።"

"ሰማሽ?" ብዬ ሱሉዋንን ጉልበቷን መታሁት። "አልተባረርሽም።"

"ግን" አለች ልጅቷ። ይቺን "ግን" አልወደድኳትም። "ከግብዣው ወዲህ ሥራ ገብተዋል?"

"ምን ልትሠራ ትገባለች? ተባርራ።"

"ስንተኛ ቀንዎ ነው?"

ዛሬ ሦስተኛው ነበር። ወይዘሪት ጂያን የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ እኛም አየን። ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ቀን በተከታታይ ከሥራ የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስታወቂያም ያለ ክፍያም ሊሰናበት ይችላል አለችን። በሌላ አነጋገር እህቴ ሳትባረር ተባረርኩ ብላ ቤት ስለተቀመጠች አሁን የምር ልትባረር ነው። ልጅቷ አስረድታ ሳትጨርስ ተነስቼ ቦርሳዬን አንግቼ ነበር።

"ዛሬውኑ ሥራ ቦታዎ ይገኙ" አለች ሱሉዋንን። "አለቃው ማሰናበት ከፈለገ በአፉ ይናገር። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ቢናደዱም ቢያዝኑም፣ በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ የሚል ቃል ከአፍዎ እንዳይወጣ። እሱን ካሉ ክፍያው ቀረ፣ እኔም ልረዳዎት አልችልም።" ቀጥላም እንደ ዋዛ "ለመሆኑ መስታወቱን ያዞረው ማነው? አለቃው ራሱ ነው?" ብላ ጠየቀች።

ሱሉዋን የወረቀት ኩባያዋን አንስታ ጠጣች። ኩባያው ባዶ ነበር። "አላየሁም" አለች።

ሞተሬን እንደዚያ ቀን ነድቼው አላውቅም። ሱሉዋን ከኋላዬ ወገቤን ይዛ በየመብራቱ ስንቆም "እትዬ፣ ቤት አድርሺኝ" ትለኛለች። "ቤት ከገባሽ የሠራሽበትን ዘመን ሁሉ ውኃ በላው" አልኳት። "ይብላው" አለች። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ ቀርቶ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይገባም፣ መንደሪን ልግዛ ብላ አስቆመችኝ። ነገሩ ደንብ ነውና እንቢ አላልኩም። መንደሪን ሻጩ ሥራ የፈታ ሰው ነው፤ ኪሎው ሰባ ነው አለን፣ ቅጠል ያለው ግን ሰማንያ ነው አለን፣ ልዩነቱ ቅጠሉ ብቻ ነው። ሱሉዋን፣ ሌላ ጊዜ ዋጋ ሳትጠይቅ የምትከፍል ሴት፣ መንደሪኑን አንድ በአንድ አገላብጣ ታሸትታለች፣ ታስቀምጣለች፣ ሌላ ታነሳለች። ሰዓቱ ይሄዳል። እኔ ከንዴቴ ብዛት ቅጠል ያለውን በሰማንያ ገዝቼ ከረጢቱን እቅፏ ውስጥ ወረወርኩት። እንዲህ ያለች ፈሪ ከእኔ እናት ማህፀን እንዴት ወጣች እያልኩ፣ እሷ እንድትሰማው ጮክ ብዬ እያልኩ ነበር የምነዳው።

ፋብሪካው በር ላይ ስንደርስ ደወል ሰማሁ። የኔን ደወል። ኪሊንግ፣ ኪሊንግ፣ ኪሊንግ፣ አንዱ ከሌላው ሳይዘገይ። እኔ እዚህ ነኝ፤ ታዲያ ማነው እዚያ የሚያቃጭለው? ገብቼ ባይ፣ ከጃፓን የመጣችው፣ ባለፈው ወር ሁሉ በላስቲክ ተሸፍና ጥግ የቆመችው ማሽን ተገልጣ ወንበሬ አጠገብ ቆማለች። በብረት ጣቷ ደወሉን ነካ ታደርገዋለች፣ መብራቷ ይበራል፣ ታሳልፈዋለች፤ አንድም አትስትም። ሠራተኛው ሁሉ እኔን ሲያይ አቀረቀረ። ለጥርስ ሕመሜ ተተክታ ይሆናል ብዬ አለፍኩ፤ የሷን ነገር የማብላላበት ጊዜ አልነበረኝም።

ሊያው ቢሮው ውስጥ ሻይ ይቀዳ ነበር። ያ ክፍል ከአባቱ ጊዜ ጀምሮ አንድ ዕቃ አልተለወጠበትም፤ ከዛፍ ግንድ የተጠረበው ትልቅ የሻይ ጠረጴዛ፣ ቀይ መብራት የሚበራለት የምድር አምላክ ምስል፣ ባንክ የሰጠው የቀን መቁጠሪያ፣ የማንም እግር እንዳይረግጠው ተጠቅልሎ የቆመ ምንጣፍ። ሱሉዋንን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ሱሉዋን፣ ተሻለሽ? እኔ እኮ ታመሽ ነው ብዬ ነው። ባለቤቴ ሾርባ ልትልክልሽ ነበር። አንቺ ከቀረሽ ወዲህ ማሸጊያ ክፍሉ ተተራምሷል፤ ትናንት የሆላንዱን ዕቃ ለቬትናም ልከውት አረፉ።"

"አታስመስል" አልኩት። ሌላ ጊዜ "እርስዎ" ነበር የምለው፤ ያን ዕለት አፌ ወደ "አንተ" ወረደ። "ልታባርራት ከፈለግህ በአፍህ ንገራት። ሕጉ ዶሮ አያውቅም።"

"ሱሉዋንን? እሷን ማን አባረራት?" አለ። ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። ኩባያው ሞልቶ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ሲፈስ እጁን አላነሳም። "እትዬ ባውጁ" አለ በመጨረሻ፣ "እኔ ለአስተናጋጁ የነገርኩት አረንጓዴ ሹራብ ወደ ለበሰችው አዙረህ አስቀምጥልኝ ብዬ ነው።"

ዓርብ ማታ አረንጓዴ ሹራብ የለበስኩት እኔ ነኝ።

የማሽኗ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ሊያው መተላለፊያው ላይ ጣራ ጣራውን ያየው ለምን እንደሆነም ገባኝ። ያልተጋበዝኩት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሊያው፣ አስተናጋጁ ልክ ነበር ያስቀመጠው፣ በዓይኔ አይቻለሁ አለ፤ ኋላ ዞሮ ከሆነ ማን እንዳዞረው አላየሁም አለ። ሁለታችንም ወደ ሱሉዋን ዞርን። ሱሉዋን መንደሪኑን ታቅፋ የባንኩን የቀን መቁጠሪያ ታነባለች።

"ሾርባው ርቆብኝ ነው" አለች።

ሾርባው ገና ከወጥ ቤት አልወጣም ነበር።

"አንቺ ዕዳ አለብሽ" አለች ቀጥላ፣ አሁንም እኔን ሳታይ። "የታመመ ባል አለሽ። እኔ አንዲት አፍ ነኝ። አንድ ሰው ከወጣለት አንቺን አይነካሽም ብዬ ነው።"

ይህን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ከጠዋት ጀምሮ ፈሪ ያልኳት፣ የጎተትኳት፣ መንደሪን የወረወርኩባት ሴት እኔ የዓሣ እሾህ ስለቅም መስታወቱን በአንዲት ጣቷ ወደ ራሷ አዙራ የእንጀራ ገመዴን የያዘችልኝ ናት። ላቅፋት ፈለግሁ፤ ልመታትም ፈለግሁ። ሁለቱንም ስላልቻልኩ ወደ ሊያው ዞርኩ።

"በል፣ በአፍህ ንገረኝ።"

"መጀመሪያ ሻይ ጠጪ፣ እትዬ።"

"ንገረኝ።"

አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር አለ። አልሰማሁም አልኩት። ደግሞ አለ፤ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

"ሊያው፣ ከአባትህ ዘመን ጀምሮ ደወልህን ሳቃጭል ጆሮዬ ሄዷል። ጮክ በል።"

ዓይኑን ጨፈነና ጮኸ። "እትዬ ባውጁ፣ ማሽን ስለገዛሁ ከሥራ አሰናብቼሻለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ የአንድ ወር ጊዜ አለሽ!" በሩ ክፍት ነበር። ውጭ ያለው ሰው ሁሉ እጁን አቆመ፤ አንዱ ማሽኗንም አጠፋት። ሊያው በገዛ ድምፁ ደንግጦ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። የወሩ ደሞዝስ አልኩት፤ አለ አለኝ። ለዘመኔ የሚታሰበውስ አልኩት፤ ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጋር ጨርሰነዋል፣ ተዘጋጅቷል አለኝ። ሥራ መፈለጊያውስ ቀን? "በሳምንት ሁለት" አለ፣ ላቡን እየጠረገ። ሰውየው ሕጉን አንድ ሳያጎድል አሟልቶ፣ የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ እሷን የሚናገርበት ወኔ አጥቶ ነው ዶሮ ያዘዘው። እውነቴን ነው፣ አሳዘነኝ። የተባረርኩት እኔ ሆኜ ሻይ የቀዳሁለትም እኔ ነኝ። ነገ ምን እንደምበላ ባላውቅም ደረቴ ቀለል አለኝ፤ ቢያንስ የነገረኝ ሰው ነው።

ሱሉዋን የተነሳችው ያን ጊዜ ነው። ተወልዳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት፣ በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እየሰማ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችና "እንግዲያውስ እኔም በገዛ ፈቃ..." ስትል ዘልዬ አፏን ከደንኩት። በሁለት እጄ። መንደሪኑ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። "ምንም አላለችም" አልኩት ሊያውን። "ምንም አላለችም" አለ ሊያው፣ ከኔ ቀድሞ ሊለው ምንም አልቀረውም። በሩ ላይ ወዳሉት ዞርኩ፤ "ምንም አልሰማንም" አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። ሱሉዋን ከእጄ ሥር ታጉረመርማለች፣ ትታገለኛለች፣ ነከሰችኝም። ኋላ ተወችው። መዳፌ ሲረጥብ እያለቀሰች እንደሆነ አወቅሁ። እኔም አለቀስኩ። እጄን ግን አላነሳሁም።